«ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ምን ለማለት ነው?»

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ እስላለሁ፤ ፖለቲካም በደንብ እከታተላለሁ። ጋዜጣ ላይ የፖለቲካ ካርቱን መሥራት እፈልጋለሁ። ግን የሠራሁትን ለሰው ሳሳይ ‹ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ምን ለማለት ነው?› ይሉኛል። ችግሬ ምኑ ላይ ነው? ጋዜጣ ላይ የሚሠሩትስ ቀናቸውን እንዴት ነው የሚያሳልፉት? ሐሳቡን የሚሰጣቸው አርታኢው ነው ወይስ ራሳቸው ናቸው የሚያመጡት? ደግሞስ በወረቀት ልሳል ወይስ በታብሌት?»

ወንድሜ፣ እኔ ራሴ ሰዓሊ አይደለሁም። ለዓመታት የጋዜጣ የአስተያየት ገጽ ሳዘጋጅ ነው የኖርኩት። ካርቱን ስቀበልም፣ ስመልስም፣ ስከራከርም ቆይቻለሁ። ስለዚህ የምነግርህ ሥራህን የሚቀበለው ሰው ምን እንደሚፈልግ ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ጥያቄህ ልነሳ፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሰዎች «ምን ለማለት ነው?» ካሉህ ችግሩ እጅህ ላይ አይደለም። ርዕስ ይዘሃል፤ አቋም ግን አልያዝክም። የኑሮ ውድነት ርዕስ ነው። ሙስናም ርዕስ ነው። ጀማሪ የኑሮ ውድነትን ግዙፍ ጭራቅ አድርጎ ይስላል። ጭራቁ ሆድ ላይ «የኑሮ ውድነት» ብሎ ይጽፍበታል። ከሥሩ አንድ ከሲታ ሰውዬ ተጨፍልቋል፤ እሱም ላይ «ሕዝብ» ተብሎ ተጽፏል። እሺ፣ ኑሮ ተወዷል። አንባቢው ይህን ካንተ በፊት ያውቃል። ማን አስወደደው? ማን እያየ ዝም አለ? ማን አተረፈበት? ካርቱኑ ከነዚህ አንዱን እንኳ ካልነካ የዜና ማስዋቢያ ሆኖ ይቀራል።

እስቲ አንድ የፈጠራ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሚኒስትር የመንግሥት መረጃ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን የሚያዝ ሕግ እያስተዋወቀ ነው እንበል። በዚያው ሳምንት ስለራሱ መሥሪያ ቤት የተዘጋጀ የኦዲት ሪፖርት እንዳይወጣ ያግዳል። መጀመሪያ የሚመጣልህ ሐሳብ ምናልባት ሁለት ፊት ያለው ሰውዬ ነው። ወይም ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ። ሁለቱንም ጣላቸው። ስሙን ብቻ ቀይረህ ለየትኛውም ፖለቲከኛ፣ በየትኛውም ቀን ልታወጣው የምትችለው ካርቱን ስለ ዛሬው ጉዳይ ምንም አይናገርም።

አሁን ትንሽ ቆይ። ሚኒስትሩ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ግልጽነት ንግግር ሲያደርግ፣ በእጁ የያዘው ወረቀት ግን ከላይ እስከ ታች በጥቁር ቀለም ተሰርዞ ሳለው። ይህ «ንግግሩ ባዶ ነው» ይላል። ወይም ደግሞ ሚኒስትሩ የመስኮት መስታወት ላብ በላብ ሆኖ ሲወለውል ሳለው፤ ከመስታወቱ ጀርባ ግን ግንብ አለ። ይህ «ሕጉ ቢወጣም ምንም አናይም» ይላል። ወይም ትልቅ ባትሪ ይዞ በጎረቤት መሥሪያ ቤቶች ላይ ሲያበራ፣ እሱ ራሱ ከባትሪው ጀርባ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ሳለው። ይህኛው «ግልጽነት የሚወደው የሌላው ገበና ሲሆን ነው» ይላል። ሦስቱም መጥፎ አይደሉም። ግን ሦስት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። የትኛውን እንደምትስል የሚወስነው የትኛውን እንደምታምን ነው። ያን ሳትወስን እርሳስ ካነሳህ ሦስቱንም አንድ ሥዕል ውስጥ ትከምራቸዋለህ፤ ሰውም «ምን ለማለት ነው?» ይልሃል።

ስለዚህ ከመሳልህ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። የሚቃወመው ሰው ሊገኝ የሚችል ዓረፍተ ነገር ይሁን። «ሙስና መጥፎ ነው» የሚለውን ማንም አይቃወምም፤ ስለዚህ አይሆንም። «ሚኒስትሩ ግልጽነትን የሚፈልገው ለሌሎች ነው» የሚለውን ግን ሚኒስትሩ ራሱ ደውሎ ይቃወመዋል። እሱ ይሆናል።

ይህን ነገር እኔ እንደ ካርቱኒስቱ ዴቪድ ሎው አሳምሮ የሠራ ሰው አላውቅም። በመስከረም 1939 ናዚ ጀርመንና ሶቭየት ኅብረት ከተዋዋሉና ፖላንድን ከሁለት በኩል ከወረሩ በኋላ፣ የለንደኑ «ኢቭኒንግ ስታንዳርድ» ላይ አንድ ካርቱን አወጣ። ሂትለርና ስታሊን ባርኔጣቸውን አንስተው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሳሉ። አንዱ ሌላውን «የምድር አተላ»፣ ሌላው ደግሞ ያኛውን «የሠራተኞች ነፍሰ ገዳይ» ብሎ በጨዋ ደንብ ሰላም ይለዋል። በመካከላቸው ሬሳ ተጋድሟል። እስቲ ልብ በል፤ ሎው «ጦርነት መጥፎ ነው» አላለም። ያለው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ዛሬም እንደ ትናንቱ ይናናቃሉ፤ ያገናኛቸው ሬሳው ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 1941፣ ጀርመን ሶቭየት ኅብረትን ወረረች። ካርቱኒስት ነቢይ እንዲሆን አይጠበቅም። ግን ጠርቶ የታየ አቋም አንዳንዴ ከዜናው ቀድሞ ይደርሳል።

ሥዕል ላይ ስለሚጻፍ ጽሑፍም እዚሁ ልንገርህ፤ ጀማሪዎችን በጣም ይጎዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እያንዳንዱ ኮትና ከረጢት ላይ ስም መጻፍ የተለመደ ነበር። ዛሬ አንባቢው ለዚያ ትዕግሥት የለውም። ይህ ማለት ግን ጽሑፍ ክልክል ነው ማለት አይደለም። በመጋቢት 1950 «ዋሽንግተን ፖስት» ላይ ኸርብሎክ በሚል ስሙ የሚታወቀው ኸርበርት ብሎክ፣ በተደራረቡ የሬንጅ ባልዲዎችና በርሜል ላይ «ማካርቲዝም» የሚል አንድ ቃል ጻፈ፤ ሰውን ያለ ማስረጃ ኮሚኒስት እያለ ይከስስ ከነበረው ከሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ስም የመጣ ነው። ቃሉ ከዚያች ሥዕል ወጥቶ የአንድ ዘመን መጠሪያ ሆነ። ቃል ሥዕሉ የማይለውን ሲጨምር ዋጋ አለው። ዝሆን ስለህ «ዝሆን» ብለህ ከጻፍክ ግን ሥዕልህን አላመንከውም ማለት ነው።

ወደ ቀኑ ውሎ እንምጣ። ሰው ካርቱኒስት ቀኑን ሙሉ ሲስል የሚውል ይመስለዋል። አብዛኛው ሰዓት በንባብ ነው የሚያልቀው። ጠዋት ዜናው ይነበባል፣ ይሰማል፤ የዜናው ርዕስ ብቻ ሳይሆን ሰነዱም፣ የፓርላማ ክርክሩም፣ የፍርድ ቤት ውሳኔውም። ከዚያ ውስጥ ደምህን ያሞቀህን ወይም ያሳቀህን ትመርጣለህ። ቀጥሎ ብጭቅጫቂ ወረቀት ላይ ትንንሽ ንድፎች ይሞነጫጨራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሐሳቦች ሁልጊዜ የሁሉም ሰው ሐሳቦች ናቸው። እየሰመጠች ያለች መርከብ፣ ሲዋሽ የሚረዝም አፍንጫ፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ አገር። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ በርካታ አሜሪካውያን ካርቱኒስቶች የነጻነት ሐውልትን ስታለቅስ ሳሏት። አይፓድን የሚሠራው የአፕል ኩባንያ መሥራች ስቲቭ ጆብስ በ2011 ሲሞት ደግሞ ብዙዎቹ የገነት በር ላይ አቁመው ለቅዱስ ጴጥሮስ አይፓድ አስያዙለት። ማንም ከማንም አልሰረቀም። ሁሉም መጀመሪያ የመጣለትን ስለሳለ ነው። አንተ እነዚያን ወረቀት ላይ አውጥተህ ገላገላቸውና ቀጥል።

ከሰዓት በፊት ወይም ትንሽ ዘግየት ብሎ ንድፉ ለአርታኢው ይታያል። ከዚያ የመጨረሻው ሥዕል ይሠራል፤ የሰዓታት ሥራ ነው። ከዚያ ደግሞ የፊደል ግድፈት ይታያል። አትሳቅ! በካርቱን ውስጥ ያለ የፊደል ግድፈት ሌላውን ጽሑፍ ሁሉ የሚያየው አራሚ ሳያየው የሚያልፍ ነው፤ አንባቢ ግን አንድም አያልፍም። ሌላው የሰዓት ነገር ነው። ዛሬ የምትስለውን ሰው የሚያየው ነገ ጠዋት ነው። ያ ሚኒስትር ማታ ሥራ ቢለቅስ? ስለዚህ ልምድ ያለው ካርቱኒስት የሚያተኩረው ጉዳዩ ላይ እንጂ የሰዓቱ ወሬ ላይ አይደለም።

መልክ መሳልን በተመለከተ እኔ አንድ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። የሰውየውን ምልክት ከገላው አትፈልግ፤ ከሥራው ፈልግ። አፍንጫ ማግዘፍ ማንም ይችላል። ደቡብ አፍሪካዊው ካርቱኒስት ዛፒሮ፣ ፖለቲከኛው ጃኮብ ዙማ በ2006 አስገድዶ በመድፈር ተከስሰው ሲቀርቡ ኤችአይቪ እንዳይዛቸው ሻወር መውሰዳቸውን ለፍርድ ቤት ሲናገሩ ሰማ። ዙማ ከክሱ ነጻ ወጡ። ዛፒሮ ግን ከዚያ በኋላ ሲስላቸው አናታቸው ላይ የሻወር ቧንቧ ተከለባቸው፤ ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላም በዚያው ቧንቧ ስሏቸዋል። ያ ቧንቧ የተሠራው ከገዛ ንግግራቸው ነው። የብሪታንያው ስቲቭ ቤልም ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀርን የውስጥ ሱሪውን ከሱሪው በላይ ለብሶ ይስለው ነበር፤ እንደ ሱፐርማን ጀግና መስሎ የተሰናከለ ሰው። እንዲህ ያለ ምልክት በአንድ ቀን አይሠራም። ካርቱኒስቱ ደጋግሞ ሲያመጣው አንባቢው ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ ስም መጻፍ አያስፈልግም።

የመልክ ጨዋታ አባት ግን ፈረንሳዊው ሻርል ፊሊፖን ነው። በ1831 ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ተሳደብክ ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። እዚያው አራት ሥዕሎች ሳለ። የመጀመሪያው የንጉሡ ፊት ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀስ በቀስ እየተለወጡ መጥተው አራተኛው ፒር የተባለው ፍሬ ሆኖ አረፈ። መመሳሰል ወንጀል ከሆነ ፍሬውንም እሰሩት ነው ነገሩ። ተፈረደበት፤ ግን ከዚያ በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ፍሬውን ግድግዳ ላይ የሳለ ሁሉ ንጉሡን የሰደበ ሆነ። የፊሊፖን ባልደረባ ኦኖሬ ዶሚዬም ንጉሡን የድሆችን ግብር የሚውጥ ሆዳም አድርጎ ስሎ በ1832 ስድስት ወር ተፈረደበት።

«ሐሳቡ የማን ነው?» ለሚለው፦ ዛሬ ደህና በሚባል ጋዜጣ ውስጥ የካርቱኒስቱ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በብሪታንያው «ፓንች» መጽሔት አዘጋጆቹ በየሳምንቱ እራት ላይ ተሰብስበው ዋናው ካርቱን ምን እንደሚሆን ይወስኑ ነበር፤ ጆን ቴኒል ደግሞ የተወሰነውን ይስላል። በ1890 የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ቢስማርክ ከሥልጣን ሲወርድ የሳለው፣ አሮጌው የመርከብ መሪ መሰላሉን ሲወርድ ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ከላይ ቆሞ የሚያይበት ሥዕል ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። ስለዚህ በኮሚቴ ጥሩ ካርቱን አይወጣም ማለት አልችልም። እንደዚያ ዓይነት ኮሚቴ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የአርታኢው ድርሻ እምቢ ወይም እሺ ማለት ነው። እምቢ የሚልበት በቂ ምክንያት አለ። መረጃው ስህተት ሲሆን፣ ስም ማጥፋት ሲሆን፣ ወይም ሥዕሉ ሳይገባ ሲቀር። ካርቱን ማጋነን ይፈቀድለታል፤ ያልተደረገን ነገር እንደተደረገ ማቅረብ ግን አይፈቀድለትም። «ቀልድ እኮ ነው» የሚለው መከላከያ እኔ ጋ አይሠራም። በቂ ያልሆነ ምክንያትም አለ፦ የባለቤቱ ወዳጅ ሲነካ። ሎው «ኢቭኒንግ ስታንዳርድ» ሲገባ ነጻነቱን በውሉ ላይ አስጽፎ ነው። የጋዜጣው ባለቤት ሎርድ ቢቨርብሩክ ወግ አጥባቂ ነበር፤ ሎው ደግሞ በገዛ ጋዜጣው ላይ የቢቨርብሩክን ፖለቲካ ይተች ነበር። ግፊቱ ግን ከውጭም ይመጣል። በ1937 ጀርመን ሄዶ የተመለሰው የብሪታንያ ሚኒስትር ሎርድ ሃሊፋክስ፣ ናዚዎቹ በካርቱኖቹ መንገብገባቸውን ሰምቶ ሎውን ትንሽ እንዲያለዝብ ጠይቆታል።

የቅርቡን ደግሞ ታውቅ ይሆናል። በ2018 አሜሪካዊው ካርቱኒስት ሮብ ሮጀርስ ከ25 ዓመታት አገልግሎት በኋላ ከ«ፒትስበርግ ፖስት ጋዜት» ተባረረ፤ ትራምፕን የሚተቹ ሥራዎቹ ተራ በተራ ውድቅ ሲደረጉ ከከረሙ በኋላ ነው። በጥር 2025 አን ቴልኔስ «ዋሽንግተን ፖስት»ን ለቀቀች። ውድቅ የተደረገባት ንድፍ ላይ ቱጃሮች፣ የጋዜጣው ባለቤት ጄፍ ቤዞስም ጭምር፣ ገንዘብ ይዘው ከትራምፕ ሐውልት ሥር ተንበርክከዋል። አርታኢዋ በጉዳዩ ላይ ሌላ ጽሑፍ ስለወጣ ድግግሞሽ ይሆናል ብዬ ነው አለ። እንደ ሙያ ባልደረባው ልፍረድ ከተባልኩ፣ ድግግሞሽ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ባለቤትህ የተሳለበት ቀን ግን ይህን ምክንያት ከማንሳት ካርቱኑን ማውጣት ይሻልሃል። ቴልኔስ በዚያው ዓመት ፑሊትዘር የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመች።

አንድ ነገር ሳልነግርህ አልልፍም። ምልክቶች የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ አንተ ባታውቀውም አንባቢው ያውቀዋል። በሚያዝያ 2019 የ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ዓለም አቀፍ እትም ኔታንያሁን መሪ ውሻ፣ ትራምፕን ደግሞ የአይሁድ ቆብ ያደረገ ዓይነ ስውር አድርጎ የሚያሳይ ካርቱን አወጣ። ጸረ አይሁድ ነው ተብሎ ቁጣ ተነሳ፤ ጋዜጣው ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያም ከሐምሌ 1 ጀምሮ በዚያ እትም ዕለታዊ የፖለቲካ ካርቱን ማውጣት አቆመ። ሰውን በውሻ መመሰል በካርቱን ዓለም ተራ ነገር ነው። ግን በናዚ ዘመን ጋዜጦች አይሁዶች በአውሬና በተባይ እየተመሰሉ ይሳሉ ነበር፤ ሥዕሉ የሚታየው በዚያ ትዝታ ነው። ጋዜጣው ካርቱንን ጨርሶ መተዉ ግን ስህተት ነው ባይ ነኝ። ጎደለ የተባለው የአርታኢ ዓይን ነው፤ የተቀጣው ሙያው ሆነ። ባለሥልጣንን በሥራው ተችተህ ስትስል ማንም አይረታህም። ሕዝብን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ከሳልክ ግን የያዝከው ሌላ ሥራ ነው።

ስለ አደጋው አላስፈራራህም፤ ግን እወቀው። ፍልስጥኤማዊው ካርቱኒስት ናጂ አል አሊ በ1987 ለንደን ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሶሪያዊው አሊ ፈርዛት በ2011 ተይዞ እጆቹ እስኪሰበሩ ተደበደበ። ማሌዥያዊው ዙናር መጽሐፎቹ ታግደው በ2015 ዘጠኝ የአመፅ ቅስቀሳ ክሶች ተመሠረቱበት፤ ክሶቹ የተነሱለት በ2018 ነው። በጥር 2015 ፓሪስ ውስጥ በ«ሻርሊ ኤብዶ» የስላቅ ጋዜጣ ላይ በተፈጸመው ጥቃት ከተገደሉት 12 ሰዎች አምስቱ ካርቱኒስቶች ነበሩ። የአገርህን የስም ማጥፋት ሕግ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተቀምጠህ አንብበው።

እንጀራውን በተመለከተ ደስ የሚል ዜና የለኝም። ቋሚ ደመወዝ ያለው የጋዜጣ ካርቱኒስት ቁጥሩ እየተመናመነ ነው። በሐምሌ 2023 «ማክላቺ» የተባለው የአሜሪካ የጋዜጣ ኩባንያ ፑሊትዘር ያሸነፉ ሦስት ካርቱኒስቶቹን በአንድ ቀን አሰናበተ። አብዛኛው ሰው ዛሬ የሚሠራው በፍሪላንስ ነው፤ ለብዙ ጋዜጦች ይሸጣል፣ መጽሐፍ ይስላል፣ ያስተምራል። ስለዚህ ያለህን ሥራ ሳትለቅ ጀምር። ለአርታኢ ስትልክ የሳልከውን ሁሉ አትላክ። በተከታታይ ሳምንታት፣ በሰሞኑ ዜና ላይ፣ በሰዓቱ የጨረስካቸውን ጥቂት ሥራዎች ላክ። እኔ የምፈልገው አንድ ድንቅ ሥዕል አይደለም፤ ዜና በሌለበት ደረቅ ቀንም አቋም ያለው ሥራ ይዘህ እንደምትመጣ ማወቅ ነው።

ወረቀት ወይስ ታብሌት? የሚቀናህን። ታብሌት ለማረም ይፈጥናል፤ ሰዓት ሲያልቅብህ ያድንሃል። ወረቀት ደግሞ ኦሪጅናሉ በእጅህ ይቀራል፤ ሊሸጥም ይችላል። በሁለቱም ብትሠራ ግን ስትጨርስ ሥዕሉን ስልክህ ላይ አሳንሰህ እየው፤ አብዛኛው አንባቢ የሚያየው እዚያ ነው። ፊቱ ካልለየ መስመሩን አወፍር። ጽሑፉ ካልተነበበ መጀመሪያ ያለ ጽሑፉ ሞክረው።